ግልገሉ ሲነጋ ሞቶ እንዳይገኝ

ክረምት ላይ ወደ እኔ የሚመጣው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው። «ማታ ደህና ተወልዶ፣ ቆሞ ሲንገዳገድ አይቼው ነበር። ሲነጋ ድርቅ ብሎ አገኘሁት። ምን ነካው?» የእንስሳት ጤና ረዳት ነኝ። የምሠራው ምሥራቅ ጎጃም፣ ከጮቄ ተራራ ሥር ባሉ ደጋ ቀበሌዎች ነው። እዚህ ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡም ጉሙም ንፋሱም አንድ ላይ ነው የሚመጡት። በግ ደግሞ ቀን መርጣ አትወልድም።

የሰው ዓይን ነው የሚል አለ፤ ምች ነው የሚልም አለ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ገዳዮቹ ብርድና ረኃብ ናቸው። ይሄን ሁሉም ያውቀዋል። ብዙ ሰው የማያውቀው በምን መንገድ እንደሚገድሉ ነው። እሱ ካልገባችሁ ለማዳን የምታደርጉት ነገር ራሱ ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት ስለ አንድ ነርቭ ትንሽ ላውራ። ታገሱኝ፤ ከዚያ በኋላ የምነግራችሁ ሁሉ ከእሱ ጋር የተያያዘ ነው።

ሲምፓቴቲክ ነርቭ ይባላል። ከአከርካሪ አጥንት ግራና ቀኝ ተነስቶ ወደ ልብ፣ ሳንባ፣ ጉበት፣ አንጀት፣ ደም ሥርና ስብ ይዘልቃል። ሌሊት ጅብ ደጃፋችሁ ላይ ሲጮህ ልባችሁን የሚያስደልቀው እሱ ነው። ጫፉ ላይ ኖርአድሬናሊን የሚባል ቅመም ይለቃል። ከኩላሊት አጠገብ ያለችውን አድሬናል ዕጢንም ያዝዛል፤ እሷ ደግሞ አድሬናሊን ወደ ደም ትረጫለች።

ሰው ይሄን ነርቭ የሚያውቀው በድንጋጤ ነው። አዲስ በተወለደ እንስሳ ላይ ግን ሌላ ሥራም አለው። በተወለደባት ሰዓት ሳንባውን፣ ልቡንና ጉበቱን ከማህፀን ኑሮ ወደ ውጭ ኑሮ ያሸጋግራል። በቀጣዮቹ ሳምንታት ደግሞ የአካል ክፍሎቹ እንዴት እንደሚያድጉ እጁን ያስገባል። እ.ኤ.አ. በ1995 ኖርአድሬናሊን መሥራት የማይችሉ አይጦች በቤተ ሙከራ ተፈጥረው ነበር። አብዛኞቹ ገና ማህፀን ውስጥ ሞቱ፤ ምልክቱ የልብ መድከም ይመስል ነበር። እናትየዋ ኖርአድሬናሊንን የሚተካ መድኃኒት ስትወስድ ግን ብዙዎቹ ተርፈው ተወለዱ። ይሄ ቅመም የድንጋጤ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልገኝም።

ከመውለዷ በፊት

የግልገል ክብደት አብዛኛው የሚጨመረው በመጨረሻዎቹ 6 ሳምንታት ነው። በዚህ ጊዜ በተለይ ኩላሊቱ ዙሪያ ልዩ ስብ ያጠራቅማል። ቡናማ ስብ ይባላል። ሥጋ ሻጭ ከሚቆርጥላችሁ ነጭ ሞራ ጋር አንድ አይደለም። ይሄኛው ሙቀት ለማምረት ብቻ የተሠራ ነው፣ በሲምፓቴቲክ ነርቭ ጫፎችም የተሞላ ነው። የግልገሉን ክብደት 2 በመቶ ያህል ይሆናል። 3 ኪሎ ለሚመዝን ግልገል 60 ግራም ማለት ነው። የግልገሉ የመጀመሪያ ሰዓታት ስንቅ ይቺ ናት።

እናትየዋ በእነዚያ ሳምንታት ከተራበች ስንቁም ያንሳል። የኛ አካባቢ ችግር ደግሞ ሰኔና ሐምሌ ላይ ሣሩ ገና ውሃ መሆኑ ነው፤ ሆድ ይሞላል እንጂ አያጠግብም። ከመውለዷ ወር ተኩል ቀደም ብላችሁ ድርቆሽ ጨምሩላት። ፋጉሎ ወይም ፉርሽካ ካገኛችሁ ማታ ማታ ጥቂት ስጧት። አተላ ብቻውን አይበቃም። ሆዷ ሰፊ የሆነውን፣ መንታ ሳትይዝ አትቀርም የምትሏትን፣ ለይታችሁ አብሏት። መንታዎች ያንሳሉ፤ ትንሽ ገላ ደግሞ ቶሎ ይቀዘቅዛል።

ጉሮኖውን ቀድማችሁ አድርቁት። የእንግዶ ወይም የገብስ ገለባ ወፈር አድርጋችሁ አንጥፉ። ንፋስ በሚመጣበት በኩል ያለውን ቀዳዳ በማዳበሪያ ወይም በጭቃ ድፈኑት። ጣሪያው አካባቢ ያለውን ግን ተውት፤ እስትንፋስና የሽንት ሽታ መውጫ ይፈልጋል።

ስትወልድ

ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። ይሄን ስል የሚናደዱብኝ አሉ። ሰው በግ ስትወልድ ሲያይ እጁን መስደድ ያምረዋል። ግን ምጡ ለግልገሉ ሥራ እየሠራለት ነው። ሲጨመቅና ኦክስጅን ሲያንሰው አድሬናሊኑ በጣም ከፍ ይላል። ያ አድሬናሊን ሦስት አራት ነገር በአንድ ጊዜ ያደርጋል። ማህፀን ውስጥ ሳለ ሳንባው በፈሳሽ የተሞላ ነበር፤ አሁን ፈሳሹን ወደ ደም መምጠጥ ይጀምራል። የሳንባ ከረጢቶች እርስ በርስ እንዳይጣበቁ የሚያደርገው ቅባት ይለቀቃል። ልቡ በርትቶ ይመታል። ጉበቱ ያጠራቀመውን ስኳር ወደ ደም ያወጣል፤ እትብቱ ሲቆረጥ የእናቱ ምግብ ይቋረጣላ!

የሽርት ውሃው ከፈሰሰ በኋላ 1 ሰዓት ሙሉ ምንም ለውጥ ካላያችሁ ግን አትጠብቁ። ሐኪም ጥሩ። አንድ እግር ብቻ ወይም ጭራ ቀድሞ ከወጣም እንዲሁ።

እናትየዋንም አታስደንግጧት። ውሻ አባርሩ፣ ልጆችን አርቁ። የእሷ አድሬናሊን ከፍ ካለ ምጡን ሊያዘገይ ይችላል። ወተቱም ከጡቷ እንደ ልብ አይወርድም።

ከወጣ በኋላ አፍና አፍንጫውን በጣታችሁ ጥረጉ። ካልተነፈሰ ንጹሕ ገለባ አፍንጫው ውስጥ ነካ አድርጉ። በደረቅ ጨርቅ ጀርባውን ጠንከር አድርጋችሁ እሹት። በደረቱ አስተኙት፤ በጎኑ ከተኛ አንዱ ሳንባ ይጫናል። እግሩን ይዛችሁ ቁልቁል አታወዛውዙት። ሲዘቀዘቅ የሚወጣው ውሃ አብዛኛው ከሆዱ ነው እንጂ ከሳንባው አይደለም። የሳንባውን ውሃ ደም ነው የሚመጠው። እናንተ ስታንጠለጥሉት የሆድ ዕቃው ደረቱን ይጫነዋል፤ መተንፈሱን ጭራሽ ታከብዱበታላችሁ።

እትብቱን አዮዲን ንከሩት። ሌላው ሥራ የእናትየዋ ነው። ትላሰው፤ ምላሷ ማድረቂያም ማንቂያም ነው።

የመጀመሪያዎቹ 5 ሰዓታት

እርጥብ ግልገል ንፋስ ላይ ሲቆም ሙቀቱ በፍጥነት ይወርዳል። ቆዳው ብርዱን ለአንጎል ይናገራል፤ አንጎል ሲምፓቴቲክን ያዝዛል። ነርቩ ቡናማውን ስብ ኖርአድሬናሊን ይረጭበታል። ስቡ መንደድ ይጀምራል። ጡንቻ ሳይንቀጠቀጥ ሙቀት ይመጣል። ግልገል በብርድ ጊዜ ከሚያመርተው ሙቀት ግማሽ ያህሉ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ቀሪው በመንቀጥቀጥ ነው። ነርቩ የቆዳውንም ደም ሥር ያጠብበዋል፣ ሙቀቱ እንዳያመልጥ። ጆሮውና እግሩ ስትነኩት የሚቀዘቅዘው ለዚህ ነው። ጆሮው ቀዘቀዘ ማለት ታመመ ማለት አይደለም፤ ነርቩ እየሠራ ነው ማለት ነው። መፍራት ያለባችሁ አፉ ውስጥ ሲቀዘቅዝ ነው።

ይሄ ሁሉ ኦክስጅን ይፈልጋል። ረጅም ምጥ አሳልፎ፣ ታፍኖ የወጣ ግልገል ስቡ እያለ ማንደድ ሊያቅተው ይችላል። ተጎትቶ የተወለደን ግልገል ከሌላው አብልጣችሁ ጠብቁት የምለው ለዚህ ነው።

ስንቋ አታድርም። አየሩ ክፉ ከሆነ፣ ያልጠባ ግልገል 5 ሰዓት ሲያልፈው ክምችቱ ተመናምኗል ብላችሁ ተነሱ። ስለዚህ በ2 ሰዓት ውስጥ እንገር ይጥባ። እንገር መድፋት ወይም ቀቅሎ ለልጆች ማብላት የለመደ ቤት አውቃለሁ። መጣፈጡ አይካድም፤ ግን የሚቀድመው ግልገሉ ነው። ለግልገሉ እንገር ምግብም ነው፣ የበሽታ መከላከያም ነው። አንጀቱ መከላከያውን እንዳለ የሚያስገባው ለ1 ቀን ገደማ ብቻ ነው፤ ከዚያ ይዘጋል። ልኩ በአንድ ጊዜ በኪሎ 50 ሚሊ ሊትር፣ በመጀመሪያው ቀን በጠቅላላው በኪሎ 200 ሚሊ ሊትር ነው። ለ3 ኪሎ ግልገል በቀን 600 ሚሊ ሊትር መሆኑ ነው። ለጥጃ ደግሞ ከክብደቱ 10 በመቶ ያህል።

መጥባቱን በዓይን አትፍረዱ። ጡት ሥር ቆሞ ጭራውን ስለወዘወዘ ጠባ ማለት አይደለም። ሆዱን ዳብሱት። የጠባ ሆድ ሞላ ያለ ነው። ያልጠባ ጎኑ ገብቶ ታገኙታላችሁ፤ ሲያዝም አንገቱን ይደፋል፣ ጀርባውን ያጎብጣል። የእናትየዋንም ጡት አንድ ሁለቴ እለቡት። ጫፉን የሚደፍን ሰም የመሰለ ነገር አለ፤ ደካማ ግልገል እሱን መክፈት ያቅተዋል።

ማኮላሸትም ሆነ ጆሮ መቁረጥ በዚህ ቀን አይሆንም።

ሲቀዘቅዝ፦ ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ

እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ቴርሞሜትር ግዙ፤ ከማንኛውም መርፌ ይጠቅማችኋል። ጫፉን ቅባት አስነክታችሁ ፊንጢጣው ውስጥ አስገቡ። የጤነኛ ግልገል ሙቀት ከ39 እስከ 40 ዲግሪ ነው።

በ37 እና በ39 መካከል ከሆነ አድርቁት፣ ከንፋስ አውጡት፣ እንገር ስጡት። ከእናቱ ጋር ይቆይ። ብዙው በዚህ ይድናል።

ከ37 በታች ከሆነ ዕድሜውን ጠይቁ። ከተወለደ 5 ሰዓት ያልሞላው ከሆነ ስንቁ ገና አለ፤ ችግሩ እርጥበቱ ነው። አድርቁትና አሙቁት። 37 ሲያልፍ አብሉት።

5 ሰዓት ካለፈው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቡናማው ስብ አልቋል፣ የጉበቱ ስኳርም አልቋል። ነርቩ ቢያዝዝም የሚታዘዝ የለም። እንዲህ ያለውን ግልገል እሳት ዳር ብታስቀምጡት ገላው ሲሞቅ አንጎሉ ስኳር ይጠይቃል። ስኳር ግን የለም። ይንፈራገጥና ይሞታል። መጀመሪያ ግሉኮስ፣ ቀጥሎ ማሞቅ፣ ሦስተኛ ወተት።

ድጎ ፅዮን በኩል አንድ አባት ጋ ደርሼ ነበር። ግልገሉን ጋቢ ጠቅልለው ምድጃው ዳር አድርገውታል። ሲመሽ የተወለደ ነው፣ እኔ የደረስኩት ረፋድ ላይ ነው። ቴርሞሜትሩ 36 አይሞላም። «አያ፣ ከእሳቱ ያንሱልኝ» አልኳቸው። «ብርድ ነው እኮ የገደለው ልጄ፣ እንዴት ከእሳት አንሳው ትለኛለህ?» አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ለሰሚ ግራ ነው። ግሉኮሱን ለብ አድርጌ በመርፌ ሆዱ ውስጥ ሰጠሁት። ከዚያ ራሳቸው መልሰው አጠገቡ ሙቅ ውሃ የያዘ ሃይላንድ አስጠጉለት። ከቆይታ በኋላ አንገቱን ቀና አደረገ፤ ቀጥሎ ከንፈሩን መምጠጥ ጀመረ። እሳቸውም «አሁን ገና ሰው ሆነ» ብለው ሳቁ።

መርፌው የባለሙያ ሥራ ነው፤ 20 በመቶ የሆነ ግሉኮስ በኪሎ 10 ሚሊ ሊትር፣ ከእትብቱ ዝቅ ብሎ ሆድ ውስጥ ይሰጣል። በራሳችሁ አትሞክሩት። እናንተ ማድረግ የምትችሉት ቶሎ መደወልና እስክንደርስ አለማጣደፍ ነው። ደረቅ ጨርቅ ላይ አስተኝታችሁ ከንፋስ ከልሉት። ማሞቅ ሲፈቀድ ሙቅ ውሃ በሃይላንድ ሞልታችሁ በጨርቅ ጠቅልሉና ግራና ቀኝ አስጠጉ። ውሃው እጃችሁን የሚያቃጥል ከሆነ እሱንም ያቃጥለዋል። በየግማሽ ሰዓቱ ለኩ። አንገቱን ማቅናት ለማይችል ግልገል በአፉ ምንም አትጋቱት፣ ወደ ሳንባው ነው የሚገባው።

በነገራችን ላይ አሳማና ጫጩት ይሄ ቡናማ ስብ የላቸውም። ጫጩት የምታረቡ ሰዎች ማሞቂያውን ለደቂቃ መዘንጋት የማትችሉት ለዚህ ነው።

የቀጣዮቹ ሳምንታት

ግልገሉ ተረፈ እንበል። ነርቩ ሥራውን አልጨረሰም። ነርቭና የአካል ክፍል እርስ በርስ ይሠራራሉ። ይሄን ያሳየችን ጣሊያናዊቷ ሪታ ሌቪ-ሞንታልቺኒ ናት። በጦርነቱ ዘመን አይሁዳዊ በመሆኗ ከሥራ ተባርራ፣ ቱሪን ከተማ መኝታ ቤቷ ውስጥ የዶሮ እንቁላል እየከፈተች የጽንስ ነርቭ ታጠና ነበር። ኋላ ከስታንሊ ኮኸን ጋር የአካል ክፍሎች የሚለቁትን የነርቭ ማሳደጊያ ቅመም አገኙ፤ እ.ኤ.አ. በ1986 ኖቤል ተሸለሙ። ቅመሙን ያገኘ ሲምፓቴቲክ ነርቭ ይኖራል፣ ያላገኘ ይሞታል። አዲስ ለተወለዱ አይጦች ቅመሙን የሚያከሽፍ መርፌ ሲሰጣቸው ሲምፓቴቲክ ነርቮቻቸው ከሞላ ጎደል ጠፉ።

በተቃራኒውም ይሠራል። እንደተወለዱ ይሄ ነርቭ የጠፋባቸው አይጦች ልባቸው አንሶ ተገኝቷል። የልብ ሴሎቻቸው መባዛታቸውን ያለጊዜው ያቆማሉ። የ1 ቀን አይጥ ልቡ ቢቆረጥ መልሶ ያበቅላል፤ በ7ኛው ቀን ይሄ ችሎታ ይጠፋል። ነርቩ ከተቋረጠ ደግሞ በመጀመሪያው ቀንም በትክክል አያበቅልም። የእግራቸው መዳፍ ላይ ያሉት የላብ ዕጢዎችም ነርቩ ደርሶ ካልነካቸው ላብ ማውጣት አይችሉም።

አይጥና በግ ግን ቀን መቁጠሪያቸው ይለያያል። አይጥ ገና ጥሬ ሆኖ ነው የሚወለደው። በመጀመሪያው ሳምንት የአድሬናል ዕጢው ነርቩን ሳትጠብቅ ኦክስጅን ሲያንስ በራሷ አድሬናሊን ትለቃለች፤ ነርቩ ሥልጣን ሲይዝ ያን ችሎታዋን ትተዋለች። ግልገልና ጥጃ ዓይናቸው ተከፍቶ፣ ነርቫቸው በአብዛኛው በስሎ ይወለዳሉ። በአይጥ የታየውን ሁሉ በግ ላይ አትለጥፉ።

ለእናንተ የሚጠቅመው ይሄ ነው፦ የግልገሉ ቡናማ ስብ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቀስ በቀስ ወደ ተራ ነጭ ስብ ይቀየራል። የሚያሞቀው ወተቱ፣ ፀጉሩና ጡንቻው ብቻ ይሆናል። ሰው ደግሞ ልክ በዚያን ሰሞን «አደገ» ብሎ ቦታውን ይለቅበታል፣ ወይም የእናቱን ወተት ለቤት ማለብ ይጀምራል። በክረምት ከሆነ አንድ ወር ተኩል ያህል በደረቁ ጉሮኖ ይቆይ። ዝናብ ከመታው ማታ አድርቁት።

ከሞተም አትጣሉት፣ አንብቡት

ጓንት አጥልቁ፤ ነፍሰ ጡር ሴት አትንካው። በመጀመሪያ ኮቴውን እዩ። ሲወለድ ጫፉን የሚሸፍን ለስላሳ ነገር አለ፤ ያ ካልተነካ አልተራመደም። ከሳንባው ቆርጣችሁ ውሃ ላይ ጣሉ። ከተንሳፈፈ ተንፍሷል፤ ከሰጠመ ሳይተነፍስ ነው የሞተው። ጨጓራውን ክፈቱ፤ የረጋ ወተት ካለ ጠብቷል።

መጨረሻ ኩላሊቱን እዩ። ዙሪያው ያለው ስብ ጠንከር ያለና ፈዘዝ ያለ ቀለም ካለው ሳይነድ ቀርቷል። ሳንባው ተንሳፍፎ ስቡ ካልተነካ፣ ከምጡ ጉዳት የተነሳ ቶሎ ሞቷል ብላችሁ ጠርጥሩ። ጥቁር ቀይ ሆኖ እንደ ጄሊ ከተልፈሰፈሰ፣ ጨጓራውም ባዶ ከሆነ፣ ነርቩ ያለውን ሁሉ አንድዶ ጨርሷል፤ ቀጣዩን ለማዳን የእናትየዋን መኖና ጡቷን መርምሩ። ስቡም ወተቱም እያለ ከሞተ ግን ነገሩ በሽታ ሊሆን ይችላል። በተለይ ከአንድ በላይ እንዲህ ከሞተባችሁ ወይም በጎቹ የሚጨነግፉ ከሆነ፣ በድኑንና የእንግዴ ልጁን በላስቲክ አድርጋችሁ በዚያው ቀን ክሊኒክ አድርሱ። እስከዚያው ወተቱን አፍልታችሁ ጠጡ።